ከበረካ በኋላ የሚቀረው አተላ

እኛ ቤት የቡና አተላ አይደፋም። በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ በንጹሕ ጨርቅ አጠልለውና ሰፌድ ላይ አሰጣዋለሁ። በጣት ሲነኩት ብትን እስኪል መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ከቀረው ይሻግታል።

የደረቀው አተላ ስክራብ፣ ማለትም ገላን አሽቶ የሞተ ቆዳ ማንሻ፣ ይሠራበታል። በማሰሮ ለሚቀመጠው ሁለት እጅ ስኳር፣ አንድ እጅ አተላና የሚያርሰውን ያህል የኮኮናት ዘይት ይበቃል። እኔ የምወደው ግን ጠጣሩን ነው፤ እንደ ሳሙና ይያዛል፣ ቦርሳ ውስጥም አይፈስም። 30 ግራም የንብ ሰም፣ 60 ግራም ሺአ በተር (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት) እና 30 ግራም ዘይት በሳህን አድርጌ ሙቅ ውሃ ካለበት ድስት ላይ አቀልጣለሁ። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፣ ሊቀጣጠል ይችላል። ከዚያ ወዲያ ትዕግሥት ነው፦ ገና ቀጭን እያለ ስኳሩን ከጨመሩበት ከታች ይዘቅጣል፣ ላይኛው ቅባት ብቻ ይሆናል። ጠርዙ ነጣ ብሎ ወፈር ሲል ነው 100 ግራም ስኳርና ሁለት ማንኪያ አተላ የማማስለው። በሲሊኮን የኬክ ቅርጽ አፍስሼ አሳድረዋለሁ።

ለፊት ፈጽሞ አልመክርም፣ ቅንጣቱ ይቧጭራል። እግር በተላጨበት ቀንም ይቅር። ለእናቴ ተረከዝ ስሠራ ሎሚ የሚባል አላስጠጋም፤ ስንጥቁን ያቃጥላታል። ቅባቱ ወለል ስለሚያንሸራትትም ሻወር ውስጥ ቆማ ሳይሆን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ አድርጌ ነው የማሻት።