እናንተ እዚህ ገና አልሞታችሁም

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ ወዳጆቼ! ዛሬ ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ረቡዕ ማታ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ፣ መብራት አሁን አለች ግን አላምናትም ስለዚህ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ታች ልጆቹ ችቦ ለኩሰው እዮሃ አበባዬ እያሉ ብሎኩን ይዞሩታል፣ የነገው የቅርጫ በሬያችን ደግሞ መኪና ማቆሚያው ጥግ ታስሮ እሳቱን ባየ ቁጥር ይደነብራል፣ ምስኪን።

ትላንት የህዳሴ ግድቡ ሲመረቅ እዚህ ሰፈር የነበረውን ጩኸት ብትሰሙት! መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሰረት ድንጋዩ ሲቀመጥ ሃይስኩል የነበረው ጎረቤቴ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው፣ እኔ ራሴ ከደሞዜ እየተቆረጠ ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ወረቀቱ የት እንደገባ እንጃ እንጂ። እና ቲቪው ላይ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ሲባል ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ እልልታው ቀለጠ፣ ማን ኦሮሞ ነው ማን አማራ ነው ማን ከትግራይ ማን ከወላይታ የመጣ ነው የሚል ሰው አልነበረም፣ እውነቴን ነው እንባዬ መጥቷል። ዛሬ ጠዋት ግን የውሃ ቦቴ መጥቶ ወረፋ ተበላሸና እነዛው ሰዎች፣ እነዛው ትላንት የተቃቀፉት፣ "እናንተ ድሮም" "እነሱማ ለመዱ" እየተባባሉ ጄሪካን ተማዘዙ። ሃያ አራት ሰአት እንኳን አልሞላም እኮ።

ዩጎዝላቪያ የሚባል አገር ነበር፣ ትንንሾቹ አታውቁትም። ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ ወጣቶቿን በዘመቻ አሰማርታ ከሉብልያና ተነስቶ በዛግሬብና በቤልግሬድ አድርጎ ስኮፕዬ የሚደርስ ትልቅ መንገድ አሰራች፣ ስሙን ደግሞ "ወንድማማችነትና አንድነት" አሉት። ሰርቡ፣ ክሮአቱ፣ ስሎቬኑ አብሮ ድንጋይ ተሸክሞ የሰራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አገሪቱ መፍረስ ስትጀምር ያው መንገድ ክሮኤሺያ ውስጥ በጦር ግንባር ተቆርጦ ለአመታት ተዘጋ። እኔ በየቀኑ የአዳማው የክፍያ መንገድ መግቢያ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ይሄ ነገር ይመጣብኛል። አብሮ መስራት ደስ ይላል፣ ግን የተጣላን ቀን ማን ምን እንደሚያደርግ አስፋልቱ ላይ አልተጻፈም።

ስለዚህ ዘንድሮ ስለ እድራችን ልጽፍላችሁ ነው። አትሳቁ።

በ2009 ቁልፍ ተረክበን ስንገባ ማንም ማንንም አያውቅም ነበር፣ የቤት ዕጣ ነው ከመርካቶም ከልደታም ከካዛንቺስም ለቃቅሞ አንድ ደረጃ ላይ ያስቀመጠን። ሁለተኛ ፎቅ ያሉ እማማ አረፉና ድንኳን የለ፣ አግዳሚ የለ፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት ድስት የለ፣ ከድሮ ሰፈራቸው ያለው እድራቸው መኪና ተከራይቶ እቃ ጭኖ መጣ። እኛ እጃችንን አጣጥፈን ስናይ ዋልን። አፈርን። በነሐሴ ዝናብ ደንብ ለማውጣት ተሰበሰብን፣ እኔም ጽሑፌ ይነበባል ተብዬ ጸሐፊ ሆንኩ (እስካሁን ማንም አልተካኝም፣ የሚፈልግ ካለ ኢንቦክስ)።

አንቀጽ 1 ላይ አባል ማለት "በሳይቱ ውስጥ ቤት ያለው" ብዬ ጻፍኩ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ ክፋት አስቤ አልነበረም፣ ሳላስብ ነው፣ እና ብዙው በደል የሚሰራው እንደዛ ይመስለኛል። ጮክ ብዬ ሳነበው አንዲት እህት ከኋላ እጇን አወጣች፣ "እኔ ተከራይ ነኝ፣ ልሙት አልሙት?" አለች፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን ላብ ላብ አለኝ። "ቤት ያለው" ተሰረዘና "የሚኖር" ተባለ። አንድ ቃል ናት እኮ! ደቡብ አፍሪካኖች በዚቺው ቃል ስንት መከራ አይተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ክሊፕታውን ላይ ተሰብስበው ደቡብ አፍሪካ የሚኖሩባት ሁሉ ናት ብለው ቻርተር ሲያጸድቁ ፖሊስ መጥቶ ከቦ ፈተሻቸው፣ ቃሏ ህገ መንግስት መግቢያ ላይ የገባችው በ1996 ነው። አርባ ምናምን አመት።

ተመልሰን እድራችን ጋ። "የሚኖር" ብለን ጨረስን ስንል ከሳይቱ አጥር ወዲያ ያሉ አንድ የገበሬ አዛውንት ጃንጥላቸውን ይዘው ዳር ቆመው ነበር፣ ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም ደግሞ ውጡ አላላቸውም። ይሄ ብሎክ ያረፈበት መሬት የሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር፣ የካሳውን ነገር ተዉት። በኦሮምኛ ተናገሩ፣ አንድ የታክሲ ረዳት ልጅ አስተረጎመላቸው። "እኛስ?" አሉ። አንዱ ቶሎ ብሎ "አባባ ይሄ እኮ የሳይቱ እድር ነው" አላቸው። ትንሽ ዝም ብለው "እናንተ እዚህ ገና አልሞታችሁም። የእኛ አባቶች እዚህ ናቸው" አሉ።

ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በቀን አስር ጊዜ ለታክሲ የምጠራው ስም ትርጉም እንዳለው ያን ቀን ነው የጠየቅኩት፣ ሳልደብቃችሁ።

ድምፅ ተሰጠ፣ አልገቡም። እኔም እጄን አላወጣሁም። ስብሰባው መሽቶ ነበር፣ ዝናቡም ነበር፣ ሰበቡ ብዙ ነው።

ከዛ ቀን በኋላ የህገ መንግስት የመጀመሪያ መስመር ማንበብ ሱስ ሆነብኝ፣ ማን ተጠርቷል ማን ዳር ቆሟል እያልኩ። የኛ የ1923ቱ ንጉሠ ነገሥቱ ለህዝባቸው በፈቃዳቸው የሰጡት ነው፣ ጠሪውም ሰጪውም እሳቸው። በ1948 ተሻሻለ፣ በ1979 ደርግ የራሱን አመጣ፣ በ1987 ደግሞ አሁን ያለው "እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች" ብሎ ጀመረ። በዚች መስመር ስንት ወዳጅነት እንደፈረሰ እናንተም ታውቃላችሁ። ግማሹ "እኛ የኢትዮጵያ ህዝብ" ይባል ይላል፣ ግማሹ ያንን ሲሰማ የድሮው ዳር ላይ መቆም ይመጣበታል፣ ስሙ ሳይጠራ መቶ አመት የቆመ ሰው "ህዝብ ስንል አንተም አለህበት" ቢባል አይዋጥለትም፣ እውነት አለው። ደግሞ የኔ እህት ልጆች አሉ፣ አባታቸው ሌላ እናታቸው ሌላ፣ የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ "ብሔር" የምትለዋ መስመር ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶው አየር ላይ ይቆማል። እነሱም እውነት አላቸው። አሜሪካኖቹ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለው እ.ኤ.አ. በ1776 ሲጽፉ ጸሐፊው ራሱ ባሪያዎች ነበሩት፣ ስለዚህ ውብ አረፍተ ነገር ስሰማ አሁን አሁን መጀመሪያ የማየው በሩን ነው፣ ዳር የቀረው ሰው በኋላ የሚገባበት አንቀጽ አለው ወይ ብዬ።

የእኛ ደንብ እድሜ ለዳኛችን ነበረው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ "በሁለት ሶስተኛ ድምፅ ይሻሻላል የምትል ጨምርባት፣ ዛሬ የተሳሳትነውን ነገ እናየዋለን" ብለውኝ አንቀጽ 19 አድርጌ ከታች ጨምሬያት ነበር፣ ማንም አላያትም። ሁለት ክረምት አለፈ። በሶስተኛው አንድ ጎረቤታችን አርፎ አስከሬን የጫነው መኪና ከዋናው መንገድ ሳይወጣ ጭቃ ዋጠው፣ እኛ በጥቁር ልብስና በከተማ ጫማ ዙሪያውን ቆመን "በዚህ በኩል" "በዛ በኩል" እንላለን። የነዛ ሳይገቡ የቀሩት አዛውንት ልጆች ናቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ገብተው በትከሻ ያወጡት። ማንም አልጠራቸውም፣ አሁንም። በሚቀጥለው ወር አንቀጽ 19 ተነሳች፣ የአጥሩ ማዶ 11 አባወራ ገባ። አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ "የሁለት አመቱን ውዝፍ ልክፈል፣ በምህረት ገባ እንዳልባል።" ከፈሉም። ደረሰኙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ እጄ እንዴት እንደከበደኝ።

አሁን ወደ ድስቱ ልምጣ፣ ይሄ ነው ከሁሉም የሚገርመኝ። እድራችን ሁለት አይነት ድስት አለው። እጀታቸው ቀይ የተቀቡት የክርስቲያን፣ አረንጓዴዎቹ የሙስሊም፣ ጭልፋውም ትሪውም እንደዛው። የአንዱን ስጋ ሌላው አይበላም፣ ይሄ ከጥንት ያለ ነው። የሆነ ጊዜ ኮሚቴው ውስጥ ያለ አንድ ወጣት ብር እንቆጥብ ብሎ "አንድ ነን አይደል እንዴ? አንድ ይሁን ድስቱ" አለ። ጭብጨባ! እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ። ድስት የሚያጥቡት እትዬ ግን ብድግ አሉና "እና ሀጂ እኔ ቤት ለቅሶ ሲደርሱ ቆሎ ቆርጥመው ሊሄዱ ነው?" አሉ። አለቀ። ሁለት ድስት ሆኖ ቀረ። ሀጂ ነገ ቅርጫው ውስጥ የሉበትም፣ እኛም በአረፋ እሳቸው በሬ ውስጥ የለንበትም፣ ግን የእድሩ ድንኳን አንድ ነው፣ ካስማውን ሲመቱ ደግሞ ከሀጂ የሚበልጥ ሰው የለም።

ስዊሶቹን የምወዳቸው ለዚህ ነው። ሰላማዊ ሆነው የተፈጠሩ ነው የሚመስለን፣ ግን እ.ኤ.አ. በ1847 ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ ካንቶን (እንደ ክልል በሉት) ጦር ተማዞ ነበር። ወር ሳይሞላ ነው ያለቀው፣ የሞተውም መቶ ገደማ ሰው ነው፣ ያሸነፈው ጄኔራል ዱፉር ወታደሮቹን ቁስለኛና ምርኮኛ እንዳይነኩ አዝዞ ነበር፣ በኋላ ከቀይ መስቀል መስራቾች አንዱ የሆነው እሱ ነው። በሚቀጥለው አመት ህገ መንግስት ሲጽፉ የተሸነፉት ካንቶኖች ላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ከአሸናፊዎቹ እኩል ወንበር አገኙ። ቋንቋቸው አራት ነው፣ ማንም ማንንም አንድ ድስት እንብላ አላለም። ከበርን ካንቶን ጋር አልስማማ ያለው የዩራ አካባቢ ደግሞ ድምፅ ተሰጥቶ፣ እንደገና ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የራሱ ካንቶን ሆነ፣ ከአገር ሳይወጣ።

እኛ ጋ የህገ መንግስቱን የመገንጠል አንቀጽ፣ 39 ብላችሁ ታክሲ ውስጥ ብትጠሩ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ይጣላል፣ ግን ንኡስ አንቀጽ 4 ድረስ ያነበበ ስንት ሰው አለ? የምክር ቤት ሁለት ሶስተኛ ድምፅ፣ ከዛ በሶስት አመት ውስጥ ሪፈረንደም፣ ረጅም ኮሪደር ነው። እኔ አንቀጹን ወዳጅ አይደለሁም፣ አንዳንዶቻችሁ እንደምትጠሉት ግን አልጠላውም፣ መውጫ የሌለው ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ራሱ በሩን ሲያይ ነው የሚውለው። ከእድራችን እስካሁን ሁለት ሰው በደብዳቤ ወጥቷል፣ አንደኛው እናቱ ሲሞቱ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ቅጣቱን ከፍሎ ነው ታዲያ።

ቅርጫው ላይ ደግሞ ልብ በሉ ነገ። አራጁ ጉበቱን ሻኛውን ሽንጡን ጨጓራውን ለአስራ ሁለቱም መደብ ይከፋፍላል፣ ሲያካፍል ግን የራሱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም፣ ሁላችን ምልክታችንን እንሰጣለን፣ አንዱ ቁልፍ አንዱ ጠጠር አንዱ የጠርሙስ ክዳን፣ ከዛ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ባለፈው አመት ከሁሉ የሚበልጥ መደብ የደረሰው በአመት ሶስት መቶ ቀን ከሰው የሚጣላው የምድር ቤቱ ሰውዬ ነው፣ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ዕጣ ነዋ።

አንድ ያልጨረስነው አለ። ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ብቻ ነው የሚነበበው፣ የአጥር ማዶዎቹ እናቶች ሲጨበጨብ አብረው ያጨበጭባሉ፣ ምን እንዳጸደቁ ለልጆቻቸው ቤት ሄደው ነው የሚጠይቁት። አባባ በኦሮምኛም ይነበብልን ብለዋል። አንዳንዱ "ስብሰባው ይረዝማል" ይላል፣ እኔ በቁቤ መጻፍ አልችልም፣ ያ የታክሲ ረዳት ልጅ ግን አሁን የራሱን ሚኒባስ ይነዳል፣ ላስጠይቀው ነው። በዚህኛው ግን እጄን አወጣለሁ።

ስብሰባው መስከረም 11 እሁድ ነው፣ ከቀኑ 8 ሰአት፣ ድንኳን ማስቀመጫው ጋ። የሳይቱ ሰዎች ይሄን የምታነቡ፣ የቀረ 50 ብር ይቀጣል፣ በደንቡ አለ። የቅርጫ ሰዎች ደግሞ ጠዋት 12 ሰአት ላይ ምልክታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አምና ሁለት ሰው አንድ አይነት የቢራ ቆርኪ አምጥቶ ያየነውን አይተናል።

መልካም አዲስ አመት። ሄደች፣ መብራቷ።