28 ቮልት ሰማያዊ

ዛሬ አንድ ላሜራ አበላሸሁ። ሦስት ምሽት የለፋሁበት ነው። ቅድም በጣም ተናድጄ ነበር፣ አሁን በረድ ስላለልኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ታይታኒየም በሚባል ብረት ላይ ስዕል እሠራለሁ። ስዕል ስል ግን የምቀባ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ጠብታ ቀለም የለበትም። ላሜራውን ሰማያዊ፣ ወይንጠጅ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ የሚያደርገው ኤሌክትሪክ ነው። ለሰው ሳወራ «እና ቀለሙ ከየት መጣ?» ይሉኛል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይሄንኑ ነው።

የሳሙና አረፋ አይታችኋል አይደል? ውሃና ሳሙና ነው፣ ግን ብርሃን ሲያርፍበት ቀስተ ደመና ይሆናል። ውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣም እንደዛው። ታይታኒየም ላይ የዚያን ስስ ሽፋን ቦታ የሚይዘው ኦክሳይድ ነው፣ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በራሱ ላይ የሚያበቅለው ቆዳ በሉት። እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። ከብርሃኑ ከፊሉ ከቆዳው ላይ ይመለሳል፣ ከፊሉ ደግሞ ዘልቆ ገብቶ ከሥር ካለው ብረት ላይ ይመለሳል፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ቀለም ይጎላል፣ ሌላው ይጠፋል። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የቆዳው ውፍረት ነው፣ ውፍረቱን የሚወስነው ደግሞ ቮልቱ። ለእያንዳንዱ ቮልት ሁለት ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ይጨምራል። የኔ ሰማያዊ 100 ናኖሜትር እንኳን አይሞላም። የሰው ፀጉር ከዚያ በብዙ መቶ እጥፍ ይወፍራል።

(አሉሚኒየም ሌላ ታሪክ ነው። እሱ ላይ የሚበቅለው ቆዳ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ እውነተኛ ቀለም ይመጥጣል፣ ከዚያ በፈላ ውሃ ቀዳዳው ይደፈናል። አልጠላውም፣ ግን ያኛውን አስማት አላገኘሁበትም።)

ዕቃው ቀላል ነው። ፕላስቲክ ሳህን፣ ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ፣ ቮልቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ፓወር ሰፕላይ። ታይታኒየሙ ፖዘቲቩ ላይ፣ አንድ የስቴንለስ ስቲል ቁራጭ ኔጋቲቩ ላይ። ከዚያ ቁልፉን ቀስ እያልኩ ማዞር። ይሄን ክፍል ነው የምወደው። 15 አካባቢ ላሜራው ነሐስ ይመስላል። 20ን ሲሻገር ወይንጠጅ። 28 ላይ ያ ጥልቅ ሰማያዊ ይመጣል፣ በቃ ትንፋሽ ያሳጣል። 40ዎቹ ውስጥ ይገረጣል፣ ብርማ ይሆናል፣ 60 ሲጠጋ ቢጫ፣ 75 ላይ ሮዝ፣ 100 አካባቢ አረንጓዴ። ብረቱ ሲለያይ ቁጥሮቹ ትንሽ ይለዋወጣሉ። ደማቅ ቀይ ግን የለም። የቱንም ያህል ብትለምኑት አይወጣም።

ደግሞ ራሱ ያቆማል። ቆዳው ለዚያ ቮልት የሚበቃውን ያህል ሲወፍር ኤሌክትሪኩን ማሳለፍ ያቆምና የአምፔሩ ቁጥር ወደ ዜሮ ይወርዳል። አንድ ደቂቃም ተቀመጠ አሥር፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው።

አንድ ነገር ልበል፣ 100 ቮልት ቀልድ አይደለም። ጓንት አደርጋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ (ከኔጋቲቩ በኩል የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ነው)፣ ሳላጠፋ እጄን አላስገባም። ቀለሙ እንዲደምቅ ላሜራውን አስቀድመው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ውስጥ የሚነክሩ አሉ። እሱ አሲድ የሰውን ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ የሚገባ ነገር ነው። ቤቴ አይገባም። በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ የሚወጣው ቀለም ይበቃኛል።

እሺ፣ የዛሬው ጥፋት። ንድፉ ወፍ ነው። የሌሊት ሰማይ፣ አረንጓዴ ክንፍ፣ ቢጫ ምንቃር። ንድፉን ስቲከር ላይ እቆርጠውና ላሜራው ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ጠርዙን በጥፍር ቀለም እደፍነዋለሁ። የዚህ ሥራ ሕግ አንድ ነው፦ ከትልቁ ቮልት ጀምር። መጀመሪያ ክንፉን ብቻ ከፍተህ 100፣ ከዚያ ምንቃሩን ከፍተህ 60፣ መጨረሻ ሰማዩን 28። ክንፉ ቀድሞ ስለወፈረ 60ም ሆነ 28 ምንም አያደርገውም፣ መልሰህ መሸፈን እንኳን አያስፈልግህም። ተገልብጦ ግን አይሠራም። ሰማያዊው ክፍት ሆኖ 100 ካገኘው አብሮ አረንጓዴ ይሆናል፣ ወደ ታች የሚመልሰው ቮልት ደግሞ የለም።

ይሄን አውቃለሁ። ለሌላ ሰው አስተምሬዋለሁ እኮ። ግን ያቺን ሰማያዊ ቶሎ ለማየት ስለጓጓሁ ከሰማዩ ጀመርኩ። እሸፍነዋለሁ ብዬ። ሸፈንኩት፣ በጥንቃቄ ነው የሸፈንኩት፣ ቁልፉን ወደ 100 አዞርኩ። ስቲከሩን ስልጥ ክንፉ ዙሪያውን ቢጫና ሮዝ የተቀላቀለበት ቀጭን መስመር ይዟል። ለካ ውሃው ከጠርዙ ሥር ሾልኮ ገብቷል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጥግ ላይ ነበር፣ የአውራ ጣቴ አሻራ፣ እያንዳንዱ መስመር ሳይቀር፣ ሰማያዊው ውስጥ ታትሞ። በአሴቶን ካጸዳሁት በኋላ ሳላስበው ነክቼዋለሁ ማለት ነው። የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ቀለሙን እኩል አይዝም።

ከዚሁ ንድፍ የሠራኋቸው ሌሎቹ አራት ኮፒዎች ደህና ናቸው። እርስ በርስ አይመሳሰሉም፣ አንዱ ሰማይ ወደ ወይንጠጅ ያደላል፣ አንዱ ወደ ጎን ስታዘነብሉት ብቻ ነው የሚደምቀው። ፎቶ ላነሳቸው ሞከርኩ፣ ካሜራው ዓይኔ የሚያየውን አያይም፣ ተውኩት።

አምስተኛውን ልልጠው ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቼ ነበር። ያኔ ጓደኛዬ መጣ። ላሜራውን መስኮት ጋ ወስዶ አዘነበለው፣ ያቺን የክንፍ ዙሪያ መስመር ለረጅም ጊዜ አየና «ክንፉ የሚበራ ያስመሰልከው እንዴት ነው? ሆን ብለህ ነው?» አለኝ።

አዎ አልኩት። አሻራውን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ።