ጭሱን አውቀዋለሁ፣ ዛፉን ግን አላውቀውም ነበር

ከመሥሪያ ቤት ጋር ሦስት ክረምት ችግኝ ተከልኩ። በአውቶቡስ ሄድን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። አንዱንም ተመልሼ አላየሁትም። ምን እንደተከልኩ እንኳ አላውቅም።

ከዚያ ለኮንዶሚኒየማችን ግቢ አንድ ችግኝ ገዛሁ። ዘበኛችን አይተው "ልጄ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ።

"ወይራ ነው ብለውኝ ነው።"

ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። አያቴ የጠላ ጋን ስታጥን፣ የወተት ዕቃ ስታጥን ያደግኩበት ሽታ እኮ የወይራ ነው። የቅጠሉ ጀርባ ወርቅማ ቡኒ መሆኑን ግን ያን ቀን አየሁ። ለእኔ ዛፍ ማለት ባህር ዛፍ ነበር። እሱ ደግሞ በምኒልክ ዘመን ከባህር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙም ይናገራል።

ያ ወይራ ሞተ። ሥሩ እንዳይጎዳ ብዬ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ቀብሬው ነበር! ስነቅለው ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሏል። ከሥር ያለው አፈርም አፈር አልነበረም፤ የግንባታ ትራፊ፣ የብሎኬት ስባሪ ነው።

በዓመቱ ግንቦት ላይ እስከ ጉልበቴ ቆፈርኩ። ስባሪውን አውጥቼ ጥሩ አፈርና ኮምፖስት ሞላሁበት። ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ፕላስቲኩን ቀድጄ ተከልኩ። ትልቁ ሥራ ግን በጋው ነው። አትክልት ያጠብኩበትን ውሃ በሳምንት ሁለቴ አፈሳለሁ፣ ሥሩን በደረቅ ቅጠል እሸፍናለሁ። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ገና ትከሻዬ ጋ ነው። ወይራ አይቸኩልም። ጎረቤቴ "ባህር ዛፍ ብትተክዪ ይሄኔ ጣሪያ አልፎ ነበር" ትለኛለች። አልተሳሳተችም።

ያልጠበቅኩት ራስ ክምር የሚባለውን ተክል ነው። ከአጥሩ ሥር ራሱ በቀለ። አረም መስሎኝ ልነቅለው ስል ዘበኛው "ተዪው" አሉኝ፣ ተውኩት። ብርቱካናማ አበባው ሲወጣ፣ ምንቃሯ የተቆለመመ፣ ፀሐይ ሲነካት የምታብለጨልጭ ትንሽዬ ወፍ መጣች። ከአበባ አበባ እየዘለለች ትመጣለች። በእሷ ሰበብ ሁለት ቀን ሥራ አርፍጃለሁ።

ከዚያ የቅዳሜ ጽዳት መጣ። ግቢው ሲጸዳ ራስ ክምሩ አብሮ ታጨደ። ማንንም አልወቀስኩም፤ እኔም ልነቅለው ነበር እኮ። "ሥሩ አለ፣ ለክረምት ይወጣል" አሉኝ ዘበኛው። እውነትም ወጣ።

አሁን ካርቶን ላይ "እባካችሁ አትንቀሉ" ብዬ ጽፌ አጠገቡ ተክያለሁ። ከኮሚቴው አንዱ ቆም ብሎ አነበበና "አረም ላይ ነው እንዴ ማስታወቂያ የለጠፍሽው?" አለኝ። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ወፏ መጣች። እሱም ቆሞ አየ።