የ"ሰማ" ሦስተኛ ፊደል የት ገባች? የ8 ወር የቃል ፍለጋዬ

ሰላም ለሁላችሁ። የጥንት ቋንቋዎችን የቃል ሥር መከታተል ከጀመርኩ 8 ወር ሞላኝ። ባለፈው የግሪክና የላቲን ሰንጠረዥ እየሠራሁ ነው ብያችሁ ነበር አይደል፣ ግማሹን ቀድጄ ጣልኩት፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ ምክንያቱም ከምትልኩት እንደማየው ብዙዎቻችሁም እዚያው ስህተት ላይ ናችሁ።

የላቲኑን "ዴዉስ" እና የግሪኩን "ቴዎስ" አንድ መስመር ላይ አስቀምጫቸው ነበር፣ ሁለቱም አምላክ ማለት ናቸው፣ ሲሰሙም ይመሳሰላሉ። ግን ዝምድና የላቸውም! ድምፅ እንደፈለገ አይቀየርም'ኮ፣ ከተቀየረ እዚያው ቦታ ላይ ባለበት ቃል ሁሉ ነው የሚቀየረው። የላቲን መነሻ "ድ" ግሪክ ላይም "ድ" ነው፣ አሥር "ዴኬም" እና "ዴካ"፣ ስጦታ "ዶኑም" እና "ዶሮን"። የቴዎስ የመጀመሪያ ድምፅ ግን ላቲን ላይ ሲመጣ "ፍ" ነው የሚሆነው፣ በር ግሪክ "ቱራ" ላቲን "ፎሬስ" እንደሚሉት። ስለዚህ የዴዉስ ወንድም ዜኡስ ነው (የዜኡስ ለማለት "ዲዎስ" ይላሉ፣ ድ እዚያ ላይ ወጣች)፣ የቴዎስ የላቲን ዘመድ ደግሞ እኛም ፌስቲቫል የምንለው ቃል ሥር ነው። ቴዎድሮስ የሚለውን ስም አስቡት፣ ቴዎስ እና ዶሮን፣ የአምላክ ስጦታ፣ ውስጡ ያለው ቴዎስ ከፌስቲቫል ጋር ዘመድ ነው ማለት ነው። ይሄን ያወቅኩ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እና ከዚያ በኋላ መመሳሰልን ትቼ ሕጉን ብቻ መፈለግ ጀመርኩ፣ አሁን ያለሁትም የጠፉ ድምፆች ላይ ነው፣ ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው።

በራሳችን ልጀምር። ሰበረ፣ መረጠ፣ ነገረ፣ ሦስት ሦስት ፊደል አላቸው። ሰማ፣ በላ፣ መጣ ግን ሁለት። ለምን? ግዕዙን ስታዩ ሰምዐ፣ በልዐ፣ መጽአ ናቸው፣ ሦስተኛዋ የጉሮሮ ድምፅ ነበረች፣ አማርኛ ጣላትና ከፊቷ ያለውን ፊደል ራብዕ አድርጋው ሄደች። ጎረቤቴ ያሉ አንድ እናት ትግርኛ ተናጋሪ ናቸው፣ አንድ ቀን "እማማ ምሳ በልተዋል?" ስላቸው "በሊዐ" አሉኝ። ያቺ ዐ ከጉሮሮ ጥልቅ ስትወጣ ሰማኋት፣ እስኪ ይድገሙልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፣ "ምን ሆንክ ልጄ" እስኪሉኝ ድረስ። እኛ የጣልናት ድምፅ እዚያ ቤት በየቀኑ ትነገራለች።

አሁን ወደ ሶሱር። የስዊዘርላንዱ የቋንቋ ምሁር ፈርዲናንድ ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው ሥራ፣ ገና የ21 ዓመት ልጅ ሳለ፣ አብዛኛው የህንድ-አውሮፓ (ላቲን፣ ግሪክና ሳንስክሪት ያሉበት የቋንቋ ቤተሰብ) ሥር አጭር "ኤ" እና ከኋላዋ አንድ ድምፅ እንዳለው፣ ጥቂቶቹ ግን ረጅም "ኣ" ወይም "ኦ" ይዘው እንደሚያልቁ አየ። እነዚህም በፊት እንደ ሌሎቹ ነበሩ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ ነበራቸው፣ እሷ ስትጠፋ አናባቢዋን ቀይራና አስረዝማ ሄደች አለ። ልክ እንደ ሰማ! ግን እሱ ግዕዝ የሚሆነው፣ ትግርኛ የሚሆነው ምስክር አልነበረውም፣ በዚያ ጊዜ የሚታወቁት ቋንቋዎች ሁሉ ድምፁን ጥለውታል፣ በስሌት ብቻ ነው የደረሰበት። ሄርማን ሞለር የሚባል ምሁር ደግሞ እነዚህ ድምፆች እንደ ሴማዊ ቋንቋዎች የጉሮሮ ድምፆች መሆን አለባቸው አለ። (ሁለቱ ቤተሰቦች ዘመድ ናቸው እስከማለትም ሄዷል፣ ያንን አብዛኛው ባለሙያ አልተቀበለውም፣ እኔም የአማርኛውን የማመጣው ለንጽጽር ብቻ ነው፣ እንዳትደባልቁት።)

ምስክሩ የተገኘው ቱርክ ውስጥ ቦጋዝኮይ ከተቆፈሩ የሸክላ ጽላቶች ነው። ጽላቶቹ ላይ ያለው ከመጽሐፍ ቅዱስ በምናውቀው ስም ኬጢያውያን የሚባሉት ሰዎች ቋንቋ ነው፣ በ1915 የቼክ ምሁሩ ህሮዝኒ የህንድ-አውሮፓ ቋንቋ መሆኑን አሳየ፣ በ1927 ደግሞ ፖላንዳዊው ኩሪዎቪች የኬጢያውያኑ "ኅ" ሶሱር ጠፋ ካለው ድምፅ ጋር እንደሚገጥም አሳየ። ሶሱር ግን በ1913 ሞቷል፣ አላየውም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንየው፣ ፓስተር። ላቲን ነው፣ እረኛ ማለት፣ "ፓ" ላይ ያለችው አናባቢ ረጅም ናት። በኬጢያውያን ቋንቋ ጠበቀ ለማለት ሥሩ "ፓኅስ" ነው። "ኅ" በቦታዋ ቁጭ ብላለች! "ፊት" ለማለትም እነሱ "ኀንቲ" ሲሉ ላቲን "አንቴ" ግሪክ "አንቲ" ይላሉ፣ ከሁለቱ ጠፍታ "አ"ን ብቻ ትታለች።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፣ በቀን አንድ ቃል፣ ለአንዱ ቃል ግማሽ ገጽ፣ ያው ለውጥ ቢያንስ ሌላ ሦስት ቃል ላይ ካልታየኝ "ዘመድ" ብዬ አልጽፍም። በፊት በቀን አሥር እጽፍ ነበር፣ ቀድጄ የጣልኩትም እሱን ነው።

የዚህ ሳምንት ቃሌ ሰው፣ ወንድ ነው። የጥንቱ የህንድ ቋንቋ ሳንስክሪት "ናር" ይላል፣ ግሪክ "አኔር"፣ እንድርያስ የሚለው ስም ከዚሁ ነው። ግሪክ ፊት ላይ ያለችው "አ" የዚያችው የጠፋች ድምፅ ፈለግ ናት፣ ሳንስክሪት ላይ ጭራሽ የለችም። ሦስቱን ተጨማሪ ቃላት እየፈለግኩ ነው፣ ሁለት አግኝቻለሁ፣ ሦስተኛ ያላችሁ ላኩልኝ።