ሊጡን የነፋው ማን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን አካባቢ ሳይንስ ሳስተምር፣ ልጆቹ በዓይን ስለማይታዩ ሕያዋን የሚያውቁት በሽታ ማምጣታቸውን ብቻ ነበር። በሊጥ ውስጥም እንዲህ ያሉ ሕያዋን እንዳሉና ሊጡን የሚያቦኩት እነርሱ መሆናቸውን በነገርኳቸው ዕለት አንዲት ተማሪ ምሳዋን ሳትነካ ወደ ቤቷ መለሰች። በማግስቱ እናቷ መጥተው «መምህር፣ ልጄ እንጀራው ጀርም አለበት ብላ አልበላም አለችኝ» አሉኝ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴት በመሆናቸው ጥቂት እርሾ እንዲሰጡኝና ነገሩን ልጆቹ ራሳቸው እንዲመረምሩት ጠየቅኋቸው፤ በደስታ ተስማሙ።

በሦስት ባዶ የውኃ ፕላስቲኮች እኩል የጤፍ ዱቄትና ውኃ አደረግን። በመጀመሪያው እርሾ፣ በሁለተኛው ፈልቶ የቀዘቀዘ እርሾ፣ በሦስተኛው በእርሾው ፈንታ ያንኑ ያህል ውኃ ጨመርን። አፋቸውንም በክዳን ሳይሆን በፊኛ ሸፈንነው፤ በጥብቅ የተከደነ ዕቃ ጋዝ ሲጠራቀምበት ሊፈነዳ ስለሚችል ይህን ጥንቃቄ ማንም መምህር መተው የለበትም። እያንዳንዱ ልጅ ይሆናል ብሎ የሚገምተውን አስቀድሞ በደብተሩ እንዲጽፍ አደረግሁ፤ ሳይጽፍ ያየ ልጅ «ድሮም አውቄው ነበር» ይላልና።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳም በመሆኗ ሊጥ ቶሎ አይቦካም፤ ሆኖም የመጀመሪያው ፊኛ ቀድሞ ቀና አለ። ልጆቹ ማፍላቱ የሁለተኛውን እርሾ እንደገደለው ተስማሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የቀሩት ሁለት ፊኛዎችም መነፋት ጀመሩና ክፍሉ ተንጫጫ፤ «እርሾ የጨመረበት ማን ነው?» እያሉ እርስ በርስ ተጠራጠሩ። መልሱን ወዲያው ልነግራቸው እችል ነበር፤ ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም እጁን እምብዛም የማያወጣ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ከዱቄቱ ጋር መጥተው ቢሆንስ? ዱቄቱንም አፍልተን እንየው» አለ። ልጁ ትክክል ነበር፤ የእርሾ ፈንገሶችና ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ከጤፉ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ከቀድሞ ሊጥ የተቀመጠ እርሾ መጨመርም እነርሱን በብዛት አስገብቶ ሥራውን ማፋጠን ነው። ዱቄቱን ከውኃ ጋር አፍልተን በፈላ ውኃ በታጠበ ጠርሙስ ስናስቀምጠው፣ በተከታተልናቸው ቀናት ሁሉ ፊኛው እንደተጨማደደ ቆየ።

እናትየውን ክፍል ጋበዝናቸው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሰው በውኃ አፍልተው አብሲት እንደሚያደርጉና ሲመልሱት ሊጡ ኩፍ እንደሚል አስረዱ፤ እኔም የበሰለው ዱቄት ለሕያዋኑ ቀላል ምግብ እንደሚሆንላቸውና ሊጡን አወፍሮ ጋዙን እንደሚይዝ ጨመርኩ። ያን ጊዜ ልጃቸው «ታዲያ ምጣዱ ላይ ይሞታሉ?» ብላ ጠየቀች። ግለቱ እንደሚገድላቸው፣ የእንጀራው ዓይኖችም ጋዝና እንፋሎት የወጡባቸው ቀዳዳዎች መሆናቸውን ነገርኳት። እናቷ ያመጡትን እንጀራ እያገላበጠች ዓይኖቹን ለጓደኞቿ ካሳየች በኋላ ተካፍለው በሉት፤ የሙከራውን ሊጥ ግን ማንም እንዳይቀምስ አስቀድሜ አስወግጄው ነበር።

እናትየው ከመሄዳቸው በፊት በብርድ ወራት ቡሃቃውን በጨርቅ ጠቅልለው ምድጃ አጠገብ እንደሚያኖሩት ተናገሩ። ልጆቹም አንዱን ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ጥላ ውስጥ አድርገን እናነጻጽር አሉ፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግምታቸውን ጽፈው ጀመርነው።