የዝናብ ልብስ ለአደን፦ አመራረጤ፣ አስተጣጠቤና አጠጋገኔ

እኔ በማድንበት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል አካባቢ፣ ዝናብ እንደ አገር ቤት ክረምት በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣ አይደለም። ኦክቶበር ላይ ይጀምራል፤ የጥቁር ጭራ አጋዘን የጠመንጃ አደንም የሚከፈተው ያኔ ነው። ከካስኬድ ተራሮች በስተ ምዕራብ የሚዘንበው አብዛኛውን ጊዜ ዶፍ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የማያባራ ካፊያ ነው። አዳኙን ይበልጥ የሚያረጥበው ግን እስከ ወገብ በሚደርሰው ፈርንና ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለው ውሃ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ስመድብ ከሱሪው እጀምራለሁ። ብዙ ሰው ጃኬቱ ላይ ጨርሶ ሱሪውን በርካሽ ይገዛል።

የምገዛው ባለ ሦስት ንብርብር ነው፦ የውጭ ጨርቅ፣ መካከል ሜምብሬን (ውሃ የማያስገባ፣ እንፋሎት ግን የሚያስወጣ ስስ ሽፋን)፣ ውስጥ ስስ ገበር፣ ሦስቱም አንድ ላይ የተጣበቁ። ገበር የሌለው ይቀላል፣ ይረክሳልም፤ ግን ላብ ሲነካው ክንድ ላይ ይለጠፋል። ውሃ የመቋቋም ቁጥሩ (ጨርቁ ሳያስገባ የሚችለው የውሃ ዓምድ ከፍታ) ለጃኬት 15,000 ሚሊ ሜትር ይበቃኛል። ለሱሪ 20,000 እፈልጋለሁ፤ ተንበርክኬ ወይም እርጥብ ግንድ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ የሰውነቴ ክብደት ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና። እንፋሎት የማስወጣት አቅም በካሬ ሜትር በ24 ሰዓት ስንት ግራም ተብሎ ይጻፋል፤ ነገር ግን የመለኪያ ዘዴው ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የሁለት ድርጅት ቁጥር ጎን ለጎን አላወዳድርም።

ለአዳኝ ትልቁ ጣጣ ድምፅ ነው። ጠንካራ ናይለን ቅጠል ሲነካው ይንኮሻኮሻል፤ ፊቱ ለስላሳና ጠጉራም የሆነ ፖሊስተር ድምፅ የለውም፣ ግን ውሃ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም። ሱቅ ውስጥ በጥፍሬ እፍቀዋለሁ፣ እጅጌውን ከጎኔ ጋር አፋትገዋለሁ፤ በጸጥታ መካከል የሚሰማ ከሆነ እተወዋለሁ። እኔ ጃኬቱን ለስላሳ፣ ሱሪውን ናይለን አደርጋለሁ። ሱሪው ነው ውሃውን የሚጠርገው፤ ደግሞም ዝናብ ራሱ ድምፅ ይሸፍናል፣ የረጠበ ቅጠልም አይንኮሻኮሽም። ሲያባራ ሱሪውን አውልቄ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። ለዚህም የጎን ዚፑ እስከ ጭን የሚከፈት መሆን አለበት፤ አለዚያ ጫማ ካላወለቁ አይወጣም።

ስለካ ከሥር የሱፍ ልብሴን ለብሼ ጠመንጃ እንደማነጣጥር እጆቼን አነሳለሁ። እጅጌው ከአንጓ በላይ ከሸሸ ውሃው በክንዴ ይወርዳል። ኮፍያው ከጭንቅላቴ ጋር ካልዞረ ግማሹን ጫካ አላይም። ኪሶቹ ከቦርሳው የወገብ ቀበቶ በላይ፣ ዚፕ ደግሞ ከብብት በታች። በዋሽንግተን ሕግ በዘመናዊ ጠመንጃ የሚያድን ሰው ከወገብ በላይ 400 ካሬ ኢንች (2,580 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ) ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስ ስላለበት ሰደርያው ከጃኬቱ ላይ ይውላል። ሰደርያው ቀጭን ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ ከሆነ ረጥቦ ጃኬቱ ላይ ይተኛና እንፋሎቱን ያፍነዋል።

«ጃኬቴ ያፈስሳል» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ የረጠቡት በገዛ ላባቸው ነው። እንፋሎት የሚወጣው ውስጡ ከውጭው ሲሞቅና ሲረጥብ ነው። የውጭው ጨርቅ ውሃ የሚያንከባልልበት ቅብ ካለቀ ጨርቁ ውሃ ይጠጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ መውጫው ይዘጋል፤ ላቡም ውስጥ ወደ ውሃ ይለወጣል። ሜምብሬኑ ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ሽቅብ ስወጣ ዚፖቹን ከፍቼ ትንሽ እየበረደኝ እሄዳለሁ፤ ከሥርም ጥጥ አልለብስም።

ቅቡን የሚገድለው ቆሻሻ፣ የሰውነት ቅባት፣ የጠመንጃ ዘይትና ተራ የልብስ ሳሙና ነው። የሳሙናው ቅሪት ውሃ ይስባል፤ ማለስለሻ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ብዙ የልብስ ሳሙና ውስጥ ጨርቅን የሚያነጣ ማድመቂያም አለ፤ አጋዘን ሰማያዊንና አልትራቫዮሌትን ከእኛ የተሻለ ስለሚያይ ልብሱ ይጎላበታል። ደም ካለ አስቀድሜ በቀዝቃዛ ውሃ አጸዳለሁ፤ ሙቅ ውሃ ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። የማሽኑን የሳሙና መሳቢያ አጥቤ፣ ዚፖችን ዘግቼ፣ ገመዶችን አላልቼ፣ ለዝናብ ልብስ በተሠራ ፈሳሽ (እንደ ኒክዋክስ ያለ) በ30 ወይም በ40 ዲግሪ አጥባለሁ። ሁለት ጊዜ አለቀልቃለሁ፣ ጭመቃው በዝቅተኛ ፍጥነት። ከዚያ በማድረቂያ ማሽን በዝቅተኛ ሙቀት፤ ከደረቀ በኋላም 20 ደቂቃ እጨምራለሁ፣ ቅቡን የሚያነቃው ሙቀቱ ነውና። ማድረቂያ ከሌለ በፎጣ ላይ ያለ እንፋሎት ለብ ባለ ካውያ ይሠራል።

ከዚያ ትከሻው ላይ ውሃ እረጫለሁ። ከተንከባለለ በቂ ነው። ጨርቁ ከጠቆረ አዲስ ቅብ ያስፈልገዋል፤ መጀመሪያ የሚያልቀውም የቦርሳና የጠመንጃ ማንገቻ የሚፍቀው ትከሻ ነው። የሚረጨውን እንጂ በማጠቢያ ውስጥ የሚገባውን አልጠቀምም፣ ሁለተኛው ላብ መምጠጥ ያለበትን ገበርም ይቀባልና። ልብሱ ታጥቦ እንደረጠበ ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት እረጫለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ትርፉን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ፍሎሪን የሌላቸው አዳዲስ ቅቦች ውሃን በደንብ ቢመልሱም ቅባትን አይችሉም፤ ስለዚህ ከድሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋሉ።

እሾህ የቀደደውን በአልኮል አጽድቼ ጥጉ የተከረከመ ማጣበቂያ ቁራጭ ከውስጥም ከውጭም እለጥፋለሁ፤ ጥጉ ሹል ከሆነ ከዚያ ይላቀቃል። 24 ሰዓት ሳይነካ ይቆያል። የእሳት ፍንጣሪ ናይለንን ወዲያው ስለሚያቀልጥ እሳት ዳር አልለብሰውም። ወቅቱ ሲያልቅ ደረቁን እሰቅለዋለሁ፤ እርጥቡን ጠቅልሎ ጋራዥ ውስጥ መተው ንብርብሮቹን የያዘውን ማጣበቂያ ያበሰብሳል። ገበሩ እንደ አረፋ ካበጠና ከተላቀቀ ግን ማጠብም መቀባትም አያድነውም። የአምራቹን ዋስትና መጠየቅ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ደግሞ ማገዶ ለመፍለጥ ይሆናል።