ጄሲካ ፍሌቸርን ደሴ ላይ ማንበብ፦ እስከ ስምንተኛው ምሽት የተማርነው

ማታ ማታ ተሰብስበን አንድ የወንጀል ልብ ወለድ አብረን እያነበብን ገዳዩን እንፈልጋለን። ከፈረንጅ ገና እስከ እኛ ገና 13 ቀን አለ። 280 ገጽ ያህል ያለው ልብ ወለድ በቀን 22 ገጽ ከተነበበ እዚያው ውስጥ ያልቃል። ለበዓሉ ወደ ላሊበላ የሚሄድ አባል ካለ በ10 ቀን መጨረስ ስላለበት በቀን 28 ገጽ ይሁን።

የያዝነው «መርደር፣ ሺ ሮት» ከተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ተነሥተው ከተጻፉት አንዱን ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1996 በ264 ክፍሎች ታይቷል፤ ጡረታ የወጣችው የእንግሊዝኛ መምህርት ጄሲካ መጽሐፍ እየጻፈች ግድያ ታጣራለች። ደም የሚያስጨንቀው ሰው አብሽር፣ ግድያው ከዓይን ውጪ ነው የሚፈጸመው።

ብዙ የሚያሳስተው ሰዓት ነው። «በሰባት ሰዓት እራት ላይ ነበርኩ» ያለው ምስክር የምሽቱን 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ፍንጭ በምንመዘግብበት ደብተር ላይ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በእነሱ አቆጣጠር ከተጻፈ ንጹሑ ሰው ውሸታም ይመስላል። ሁሉንም ወደ እኛ መልሱት። ደግሞ የጄሲካ ከተማ ካቦት ኮቭ ያለችው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በሜን ግዛት ነው፤ እዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። «11 ሰዓት ላይ ጨልሞ ነበር» ያለውን በደሴ ሰማይ አትፍረዱበት።

በረዶ ሲባል እኛ የምናስበው የክረምቱን ጠጠር ነው። የእነሱ እንደ ዱቄት የሚከመር ነው፣ ኮቴ ይይዛል። ስለዚህ መቼ መዝነቡን እንዳቆመ መዝግቡ፤ ከዚያ በፊት የተረገጠ ይሸፈናል፣ በኋላ የተረገጠ ይቀራል።

አንዱ በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ ሲተርክ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛው የደዋዩን ፆታ ሳይገልጽ ያልፋል፤ የእኛ ግሥ ግን «ደወለ» ወይም «ደወለች» ካላለ አይሄድም። ተራኪው ሳያውቀው ፍንጩን ያበላሸዋል፣ አንዳንዴም ገዳዩን ያስመልጣል። መፍትሔው የአንቱታው ግሥ ነው፦ «ደወሉ»፣ «መጡ»፣ «አዩ»። ወንድም ሴትም ይሸፍናል፣ ለጆሮም አይከብድም።

ስምም እንዲሁ። አንዱ ሰው ሦስት ስም አለው፤ ሴት ስታገባ አብዛኛውን ጊዜ የባሏን ስለምትይዝ የሟቹ እኅት በሌላ ስም ትመጣለች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡና ስሞቹን ሁሉ እላዩ ላይ ጻፉ። ዶክተር ሴዝ ሃዝሊትንና የፖሊስ አዛዡን ሞርት ሜትዝገርን ከተጠርጣሪ አውጡ፤ የተከታታዩ ቋሚ ሰዎች ናቸው፣ የሚቀጥለው መጽሐፍ ይፈልጋቸዋል።

ምሽቱን ቡናው ይከፍለዋል። አቦል ላይ የትናንቱ በቃል ይተረካል፣ ቶና ላይ ይነበባል፣ በረካ ላይ ገዳዩ ማን እንደሆነ ድምፅ ይሰጣል። ጾም ስለሆነ ቆሎ ይበቃል። ድምፁ በተጣጠፈ ወረቀት ይሁን፤ ትልቅ ሰው ቀድሞ «እገሌ ነው» ካለ ወጣቱ አፉን አይከፍትም፣ የተለየው ሐሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ጋ ነው።

የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ በጥንቃቄ ይመረጥ። በቴሌቪዥኑ ጄሲካ ሲገባት ፊቷ ያሳብቃል፤ በመጽሐፉ ተራኪዋ ራሷ ስለሆነች «አሁን ገባኝ» ብላ ምን እንደገባት ሳትነግረን ጥቂት ገጾች ታልፋለች። እዚያ መስመር ላይ መጽሐፉን ዝጉና ደብተሩን ከፊት ጀምሩ። ፍንጩ ብዙውን ጊዜ አንዱ ሰው በዋዛ ከጣላት ቃል ላይ ነው ያለው፤ ደብተሩ ውስጥ ከሌለች ወደ ምዕራፉ ተመለሱ።